ሌባዬን የወሰዱብኝ ቀን

እኔ በልጅነቴ ሌባ ነበርኩ። ይህን ክፍል ውስጥ ተነስቼ የተናገርኩ ዕለት አስተማሪያችን የያዘችው ጠመኔ ከእጇ ወደቀ። የጠየቀችን ስናድግ ምን መሆን እንደምንፈልግ ነበር። ሐኪሙም አብራሪውም ሹፌሩም ተራ በተራ ተነስተው ከተቀመጡ በኋላ እኔ ጋ ሲደርስ፣ «ሌባ» አልኩ፤ «አሁንም ሌባ ነኝ፣ ግን ገና ጀማሪ ነኝ።» በማግስቱ እናቴ ተጠራች። ከአስተማሪዋ ጋር ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ስትወጣ ሳቅ እያፈናት ነበር፤ ከግቢው ራቅ እንዳልን ግን ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርጋ፣ «ሁለተኛ የቤቱን ነገር ደጅ እንዳታወሪ» አለችኝ።

የቤቱ ነገር ጨዋታ ነበር። አባቴ የሚሠራበት ማተሚያ ቤት አዲስ ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ መካኒክ፣ ሥራው ተጓቶ ሲሰለቸው ለአባቴ ያስተማረው ጨዋታ ነው፤ ሲሄድ ዳይሶቹን፣ ቁጥር የተጻፈባቸውን የሚጣሉ ጠጠሮች፣ ትቶለት ሄደ። እንደ ሌላው ጨዋታ ሰሌዳ የለውም። አንዱ አጫዋች ይሆንና ታሪኩን ያወራል፤ ሌሎቹ ታሪኩ ውስጥ ገብተው አንዳንድ ሰው ይሆናሉ። «ከፊታችሁ ግንብ አለ፤ በሩ ተቆልፏል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል አጫዋቹ። የምታደርገውን ትናገራለህ፤ መሳካት አለመሳካቱን የሚወስነው ዳይሱ ነው። ብዙ ፊት ያለው፣ እንቁላል የሚያክል ዳይስ ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ይሳካልሃል፣ ዝቅ ካለ ጉድህ ይፈላል።

አጫዋቹ ሁልጊዜ አባቴ ነው። እናቴ ፈዋሽ ናት፤ ስትጫወት ስፌቷን ከእጇ አታወርድም፣ የቆሰለ ካለ «በል እሺ፣ ድነሃል» ትልና መርፌዋን ትቀጥላለች። አጎቴ ፈረሰኛ ነው። እኔ ደግሞ ትንሽ ስለሆንኩና በየቀዳዳው ስለምገባ ሌባውን ሰጡኝ። ሌባዬ ወንድ ነበር፤ ቀጭን፣ ጫማው ድምፅ የሌለው፣ ቁልፍ ሁሉ የሚታዘዝለት። ከማተሚያ ቤቱ በሚመጣ በአንድ ወገኑ ሰማያዊ ቀለም በፈሰሰበት ወረቀት ላይ ሥዬው ከትራሴ ሥር ነበር የማስተኛው። ስለ እሱ ስናገር «እኔ» ነበር የምለው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናወራው፤ «በሩን ከፈትኩት»፣ «ወሰድኩት»፣ «ጠፋሁ»። ደጅ ሆኖ የሚሰማን ሰው ምን ይል እንደነበር እንጃ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እኛ ጋ ነበር የሚኖረው። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እናቴ ስለሆነች፣ ሲያጠፋ እንደ ልጅ ትቆጣዋለች፣ ሲያመው ደግሞ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ታባብለዋለች። ማተሚያ ቤት ያስገባው አባቴ ነው። አጎቴ የሚታተመውን ገጽ ፎቶ የሚያነሳው ትልቅ ካሜራ ያለበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ስለሚሠራ ባልደረቦቹ «ጨለማው» ይሉታል፤ እጁም ከፊልም ማጠቢያው የተነሳ ሁሌ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ከቤታችን ሰው ሁሉ ግን በሳቅ የሚፈነዳው እሱ ነበር። ሌብነትን ያስተማረኝም እሱ ነው። አንድ ቀን ጣቴን ይዞ፣ «ይቺ ማን ትባላለች?» አለኝ።

«ሌባ ጣት።»

«በይ፣ ስሟ በከንቱ አልወጣም። ቁልፍ ስትከፍቺ በሷ ነው የምታዳምጪው።»

አምኜው የጓዳችን በር ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ሌባ ጣቴን ከትቼ ተያዘብኝ፤ እናቴ በሳሙና ነው ያስለቀቀችው። አጎቴ ሆዱን ይዞ ሲስቅ እኔ ሌብነት ከባድ ሙያ መሆኑ ገባኝ። ሌላም ሕግ አስተምሮኛል። «ሌባ እጅ አይሰጥም፣ ቁንጫዬ። እጁን ከሰጠ ሌባ መሆኑ ቀርቶ እስረኛ ነው» ይለኝ ነበር። ቁንጫ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ቃል ነው። አባቴ ከሥራ መጣና ኮቱን ሳያወልቅ ቀጥ ብሎ ማድ ቤት ገባ። እኔ ከማድ ቤቱ በር ኋላ ተወሽቄ ሰላይነት እየተለማመድኩ ነበር።

«ዓይኑ ጠፋ» አላት።

እናቴ ድስቱን አስቀመጠች። «ምን ትላለህ! መቼ?»

«ቅዳሜ ነበረ፤ ዛሬ የለም። ዘበኛውን ወስደውታል።»

ዘበኛውን አውቀዋለሁ። ለአባቴ ምሳ ይዤ ስሄድ እንደ ወንበር የሚጠቀምበት ሳጥን ላይ አስቀምጦኝ፣ ከመቁረጫ ማሽኑ የወደቀ ቀለም ቀለም ያለው የወረቀት ቁራጭ የሚሰጠኝ ሽማግሌ ነው። ያ ሰውዬ ዓይኑ ጠፋ! ማየት ተሳነው ማለት ነው። ለመሆኑ እንዴት ባንዴ ይጠፋል? ቅዳሜ ነበረ፣ ዛሬ የለም። ሐኪም ጋ ወስደውት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አዘንኩለት፣ በጣም ነው ያዘንኩለት። ዓይኔን ጨፍኜ በቤቱ ውስጥ እየተደናበርኩ ስለማመድለት ብርጭቆ ሰበርኩ፤ እናቴ ጮኸችብኝ፣ ከዚያ ደግሞ ያለ ምክንያት አቅፋኝ አለቀሰች። እንባዋ ለብርጭቆው ነበር የመሰለኝ።

ዛሬ ነገሩ ግልጽ ነው። የትልቁን ካሜራ መስተዋት፣ ሌንሱን ማለቴ ነው፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሁሉም የሚጠሩት «ዓይኑ» እያሉ ነው። ያለ እሱ ገጽ አይነሳም፣ ገጽ ካልተነሳ ማሽኑ ይቆማል። ኮት ሥር ተይዞ የሚወጣ፣ ገዢም የማያጣ ዕቃ ነበር። ለኔ ግን ዓይን የሰው ነው፤ ሌላ ዓይን መኖሩን ማንም አልነገረኝም።

ከዚያ የዘበኛው ሚስት እኛ ቤት መጣች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ የሰጧትን ውኃ ሳትጠጣ በሁለት እጇ ይዛ አባቴ ፊት አለቀሰች።

«ዓይኑ ጠፋ ብለው እኮ ነው ያሰሩት! እሱ ዓይን ምን ያደርግለታል? እሱ ውጪ በር ላይ ነው፣ ውስጥ መግቢያ ቁልፍ እንኳ የለውም። እርስዎ ያውቁታል፣ እባክዎን ይናገሩለት።»

ይሄኔ ነው ሁሉም ነገር የዞረብኝ። ዓይኑ የጠፋበትን ሰው ያስራሉ? ዓይንስ እንዴት ነው ለሰው የማያስፈልገው? ደግሞስ በዓይን ቁልፍ ይከፈታል እንዴ? አባቴን ልጠይቀው ቀና ስል ወለሉን እያየ ነበር።

«ቁልፉ እነማን ጋ ነው ያለው?» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«እኔ ጋ» አለ አባቴ። «ጨለማ ክፍል የሚሠሩት ጋ ደግሞ አንድ አለ።»

አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰላም ሊላት የገባ መስሎኝ ነበር፤ ግን ዞሮ ክፍሉ ገባና ዘጋ። የዚያን ሰሞን አላጫወተኝም፣ ጣቴንም አልያዘኝም። ሌባዬ የከፈተውን አዲስ በር ልነግረው ስሄድ «በኋላ» ይለኛል፤ በኋላ ስሄድ ተኝቷል። ያኮረፈኝ መስሎኝ ምን እንዳጠፋሁ ሳስብ ነበር የምውለው።

ማታ ማታ አባትና እናቴ ማድ ቤት ገብተው ይንሾካሾካሉ።

«አየኸው? በዓይንህ አየኸው?» ትለዋለች።

«አላየሁም።»

«እንግዲያው አፍህን ያዝ።»

«ሰውዬው ታስሯል እኮ!»

«ወንድሜ ነው!»

«ዘበኛውስ የማን ወንድም ነው?»

በዚህ ላይ ግራ መጋባቴ የባሰ ሆነ። ማን ማንን በዓይኑ አላየም? ዘበኛው ዘመዳችን ነው እንዴ? ብዙ አሰብኩና፣ ዘበኛው እስካሁን የደበቁኝ ሌላ አጎቴ ነው ብዬ ደመደምኩ። ዓይኑ የጠፋ ትልቅ አጎት ማግኘቴ እያሳዘነኝም ደስ አለኝ።

እሑድ መጣ። ከምሳ በኋላ አባቴ የጠረጴዛውን ላስቲክ ወልወል አድርጎ ዳይሶቹን አወጣ። አጎቴ ራሴን አሞኛል ብሎ ሊነሳ ሲል «ተቀመጥ» አለው። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ አጎቴ ግን ተቀመጠ። እናቴም የሸሚዝ እጅጌ ይዛ መጣችና በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ላይ አረፈች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ሊመለስ ነው አልኩ።

«ዛሬ ሌባውን አጎትሽ ነው የሚጫወተው» አለ አባቴ።

«የኔን ሌባ?»

«ለዛሬ ብቻ። አንቺ ፈረሰኛውን ያዢ።»

ፈረሰኛ! ቀጥ ብሎ ከመሄድና ሰው ከመግፋት በቀር ምን ያውቃል? አለቀስኩ፣ በእግሬ ወለሉን ደበደብኩ፣ «የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት» አልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አጎቴ «ኧረ ስጧት ልጅቷን» ይል ነበር። ያን ቀን ግን የሌባዬን ሥዕል ከፊቴ አንስቶ ያየው ጀመር። ከልቤ ጠላሁት።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ግንብ አለ» አለ። «ግንቡ ውስጥ ከድንጋይ የተጠረበ ዘንዶ አለ። የዘንዶው ዓይን ጠፍቷል።»

ልቅሶዬ ቀጥ አለ።

«ዘበኛውን ይዘው ምድር ቤት አስረውታል። ሚስቱ በየሰው ደጅ እየዞረች ታለቅሳለች። ዘበኛው ውስጥ መግቢያ ቁልፍ የለውም፤ ግን የሚሰማው የለም። ነገ ይፈረድበታል።»

ለካስ! ሳምንቱን ሙሉ ሲንሾካሾኩ የነበረው ስለ ጨዋታው ነው! የጠፋው የዘንዶው ዓይን ነው፣ የሽማግሌው ዓይን ደህና ነው። የመጣችው ሴትዮም እየተጫወተች ነበር። እንዴት ያለች ጎበዝ ናት፣ እውነተኛ እንባ እኮ ነው ያወጣችው! እኔን ሳይነግሩኝ ጨዋታውን ከጠረጴዛው አውጥተው ቤቱን ሁሉ እንዳዳረሱት ገባኝ። ትንሽ ተናደድኩ፣ ብዙ ደግሞ ቀለለኝ፤ ሌባዬ ይመለስልኝ እንጂ ሌላው ይቅር አልኩ።

«ሌባው ከግንቡ ውጪ ቆሟል» አለ አባቴ አጎቴን እያየ። «ማንም አላየውም። የጠረጠረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እስካሁን አልተናገረም። ምን ታደርጋለህ?»

የእናቴ መርፌ ጨርቁ ላይ ቆመ።

«እሄዳለሁ» አለ አጎቴ።

«ወዴት?»

«ወደ ወደቡ። በመርከብ።»

«ዳይሱን ጣል።»

አጎቴ ዳይሱን አነሳ። ሳይጥለው በመዳፉ ውስጥ ሲያገላብጠው አይቼ፣ የኔን ሌባ እንዳይገድልብኝ የፈራ መሰለኝ። ጣለው። ዳይሱ ተንከባለለ፣ የላስቲኩ እጥፋት ላይ ተፈናጠረና ቆመ፤ የመጨረሻው ትልቁ ቁጥር ነበር! ወንበሬ ላይ ቆሜ ጮህኩ። ከዚያ በፊት አይተነው የምናውቅ አይመስለኝም።

«ተሳካልህ» አለ አባቴ። «መርከቡ ላይ ነህ። የሚከተልህ የለም።»

ሲያድጉ የሚገባ ነገር አለ። አጫዋች የፈለገውን ማድረግ ይችላል፤ ማዕበል ያስነሳል፣ መርከብ ያሰጥማል፣ ዳይስ እንኳ ቢሆን ያላየ መስሎ ያልፈዋል። አባቴ ምንም አላስነሳም።

«ዘበኛውስ?» አለ አጎቴ።

«ነገ ይፈረድበታል አልኩህ እኮ።»

«ጨዋታው አለቀ!» አለች እናቴ። እጅጌውን ከነመርፌው ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ዳይሱ ወጥቷል። አምልጧል፣ አለቀ።»

እናቴ ስለ ጨዋታው ሕግ ስትከራከር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያውም በኔ ወገን። «እማዬ ልክ ናት!» አልኩ፤ «አጫዋቹ አመለጥክ ካለ አመለጠ ነው!»

«ሰማህ? ልጅ የገባት ነገር ነው» አለችው እናቴ ለአባቴ።

«ልክ ናችሁ» አለ አባቴ። «ሕጉ እንደዚያ ነው። አምልጧል።» ዳይሶቹን ወደ ከረጢታቸው መሰብሰብ ጀመረ።

አጎቴ ግን ትልቁን ዳይስ በመዳፉ ከደነው። «መመለስ ይቻላል?» አለ።

«ይቻላል።»

«ስንት ሲመጣ?»

«መመለስ ዳይስ የለውም። ከፈለግክ ትመለሳለህ።»

«አትመለስ!» ብዬ ጮህኩ። «ሞኝ ነህ እንዴ? ሌባ እጅ አይሰጥም ያልከኝ አንተ አይደለህም? መርከቡ ላይ እኮ ነህ!»

አየኝ። ያን ፊት ዛሬም አየዋለሁ፤ ምን እንደነበረበት ግን ልነግራችሁ አልችልም። ሊስቅ የነበረ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረና፣ «እመለሳለሁ» አለ። «ዓይኑን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ሌባው ጋሼ የሚለው ሰው የለውም!» አልኩ። «እያበላሸኸው ነው!»

ሌላ ጊዜ ይሄን ብል ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። እናቴ ተነስታ የወንድሟን ክንድ ያዘች።

«አንተ ልጅ፣ ጨዋታ ነው በል። ጨዋታ ነው በል ብዬሃለሁ!»

«እትዬ...»

«እኔ ነኝ ያሳደግኩህ! ጨዋታ ነው በል!»

በጡጫ ደረቱን መታችው፣ ደግማ መታችው። ቀጥላ ደግሞ፣ ምን እንደታያት እንጃ፣ የጃኬቱን ቁልፎች ከታች ጀምራ እስከ አንገቱ ድረስ አንድ በአንድ ቆለፈችለት። አባቴ ኮቱን ለበሰ። «ልሂድ ካልክ አብሬህ እሄዳለሁ» አለው። እኔም ጫማዬን ይዤ ተነሳሁ፤ ቀጣዩን ክፍል ደጅ ወጥተው ሊጫወቱት ነው ብዬ።

«አንቺ ከእናትሽ ጋር ሁኚ» አለኝ አባቴ።

ጥለውኝ ሄዱ። በመስኮት አየኋቸው፤ ጎን ለጎን ነው የሚራመዱት፣ አይነጋገሩም፣ አጎቴ እንደዚያ እስከ አንገቱ ተቆልፎ። ሥዕሌን ከወለሉ አንስቼ ሌባዬን ያለ ማንም ፈቃድ መርከቡ ላይ መልሼ አወጣሁትና ወደ ሩቅ አገር ላክሁት። እናቴ ታየኝ ነበር።

አጎቴ ሲፈታ እኔ ቁመቴ እናቴን አልፎ ነበር። ሌንሱን ለምን እንደወሰደው ብዙ ዓይነት ሰምቻለሁ፤ እናቴ አንድ ትላለች፣ እሱ ራሱ ሌላ ይላል፣ እኔም ከሁሉም አንዱን መርጬ ማመን አቅቶኝ አለሁ። እናቴ ከዚያ እሑድ በኋላ አባቴን ለብዙ ጊዜ ፊት ለፊት አላናገረችውም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ «ለአባትሽ ምግቡ ቀርቧል በይው» ትለኝ ነበር፣ እኔም አደርሳለሁ። አሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አጎቴ መርከቡ ላይ ቢቀር ኖሮ አባቴ ዳይሶቹን ሰብስቦ ዝም ይል ነበር ወይስ በማግስቱ ብቻውን ሄዶ ይናገር ነበር? አርጅቶ ሳለ ጠየቅኩት። ብዙ አሰበና «እኔም እንጃ ልጄ» አለኝ። እኔን ከጠረጴዛው ለምን እንዳላስነሱኝ ግን አልጠየቅኩትም፤ መልሱን ፈራሁት መሰለኝ።

ያን እሑድ አባቴ መሸትሸት ሲል ብቻውን ተመለሰ። ጫማውን አላወለቀም፣ ኮሪደሩ ላይ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ወለል ላይ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ከመስኮቱ አልተነሳችም፣ ዞራም አላየችውም።

«አጎቴስ?» አልኩት።

«እዚያው ቀረ።»

«ታዲያ ማን አሸነፈ?»

እጁን ወደ ፊቱ አንስቶ መልሶ አወረደው።

«ዘበኛው ቤቱ ገባ» አለ። «አሁን አድርሼው መምጣቴ ነው።»

ከሁሉም ይሄ ባሰብኝ። ሌባዬን ወስደው፣ ከመርከብ አውርደው፣ እኔን ቤት ጥለው ሄደው፣ መጨረሻው ይሄ ነው? «እንዴት ዘበኛው ያሸንፋል?» ብዬ ጮህኩበት። «ጠረጴዛው ጋ እንኳ አልነበረም! አንድም ጊዜ ዳይስ አልጣለም እኮ!»

እናቴ ያን ጊዜ ከመስኮቱ ዞረች።

«አልጣለም» አለ አባቴ፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ። «አዎ ልጄ፣ እሱ ምንም አልጣለም።»